ለጫጩቶች መኖ ማዕድናትን በተገቢው መጠን ማሟላት

ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንታቸው፣ ጅማታቸውና ላባቸው በፍጥነት ስለሚያድግ፣ በሚሊግራም የሚለኩ ማዕድናት ከመኖአቸው ሲጎድሉ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለሥጋ ጫጩቶች በአንድ ኪሎግራም መኖ 60 ሚሊግራም ማንጋኒዝ፣ 40 ዚንክ፣ 8 መዳብና 0.15 ሴሊኒየም ያስፈልጋል ይላል።

በተለይ ማንጋኒዝ ትኩረት ይሻል፤ የመኖው ዋና ክፍል የሆነው በቆሎ የያዘው ማንጋኒዝ በጣም ጥቂት ነውና። ማዕድኑ ሲጎድል የጫጩቷ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ከኋላው ያለው ወፍራም ጅማት ከቦታው ይንሸራተትና እግሯ ወደ ጎን ይጣመማል። ቁርጭምጭሚቷን ከኋላ በጣት ሲዳስሱ ጅማቱን ከመሃል ወጥቶ በጎን በኩል ያገኙታል። ጫጩቷ ንቁ ሆና መብላት እየፈለገች ወደ መመገቢያው መድረስ ያቅታታል። ጅማቱ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚጨመረው ማንጋኒዝ ለእርሷ አይጠቅምም፤ ገና ያልታመሙትን ግን ይጠብቃል። ኮሊን ወይም ባዮቲን ሲጎድልም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚታይ የቫይታሚኑን ይዘት አብሮ መመርመር ይገባል።

የዚንክ እጥረት አጭርና ወፍራም እግር፣ የተጎሳቆለ ላባና ቅርፊት ያለው የእግር ቆዳ ያስከትላል። ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኢ አብረው ሲጎድሉ ደግሞ ከደረትና ከሆድ ቆዳ ሥር ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያደላ ፈሳሽ ይጠራቀማል።

ተጨማሪ ማዕድን ከመግዛትዎ በፊት የካልሲየሙን መጠን ያጣሩ። የእንቁላል ጣይ ዶሮዎች መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሲይዝ፣ ለጫጩት የሚበቃት 1 በመቶ ያህል ነው። ትርፉ ኩላሊቷን ከመጉዳቱም በላይ ዚንክና ማንጋኒዝ በአንጀቷ እንዳይመጠጡ ያግዳል፤ ስለዚህ ማዕድኑ በመኖው ውስጥ እያለ እንኳ እጥረት ሊከሰት ይችላል። የጣዮችን መኖ ለጫጩት በፍጹም አይስጡ።

መኖውን ራስዎ የሚያዘጋጁ ከሆነ ፕሪሚክሱን፣ ማለትም ተመጥኖ የተዘጋጀውን የማዕድናትና የቫይታሚኖች ድብልቅ፣ በአስተማማኝ ሚዛን ይመዝኑና በቀጥታ ወደ ትልቁ ክምር አይጨምሩት። አስቀድመው 1 ኪሎግራሙን ከ9 ኪሎግራም የተፈጨ በቆሎ ጋር በደንብ ያዋሕዱ፤ ከዚያ ድብልቁን በየደረጃው እያበዙ ወደ ሙሉው መኖ ያድርሱት። ይህ ደረጃ ከተዘለለ አንዳንድ ጫጩቶች ከሚገባው በላይ ሲያገኙ ሌሎቹ ይጎድልባቸዋል። ሴሊኒየምን ግን ለብቻው ገዝተው አይጨምሩ፤ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ በፕሪሚክሱ ውስጥ ተመጥኖ ከገባው በላይ ማከል አደገኛ ነው።