«ካን ቺፐር» አይባልም፦ በእንግሊዝኛ ስናወዳድር የምንሳሳታቸው ነገሮች

በአማርኛ ስናወዳድር ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግሱ ነው። «ባቡሩ ከታክሲው ይፈጥናል»፣ «የዘንድሮው ፈተና ከአምናው ይከብዳል» እንላለን። ይፈጥናል፣ ይከብዳል፣ ይረክሳል፣ ይሻላል፦ ሁሉም ግስ ናቸው፤ የቀረውን «ከ» ትጨርሰዋለች። እንግሊዝኛ እንደዚህ አይሠራም። እዚያ መልኩን የሚቀይረው ቅጽሉ ነው፣ ግሱ ደግሞ ለብቻው ይቆማል። በዚህ ላይ «ይችላል»፣ «አለበት»፣ «ይሆናል» የሚል ሐሳብ ሲጨመር፣ ማለትም ካን፣ ኩድ፣ ሹድ፣ ማስት፣ ማይት፣ ዊል፣ ውድ የሚባሉት ሞዳል ቨርቦች ሲገቡ፣ ነገሩ ይደበላለቃል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ማታ ማታ ከማስተምራቸው ውስጥ ቀን ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚውሉ አሉ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቁ አሉ። ዕድሜያቸውም ሥራቸውም ይለያያል፣ የሚሳሳቱት ግን አንድ ዓይነት ነው። ስንፍና አይደለም፤ ሐሳቡን በአማርኛ ቅርጹ ይዘውት ስለሚሻገሩ ነው።

ትልቁ ስህተት «ቢ»ን፣ ማለትም «መሆን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ፣ መዋጥ ነው። ከአንዷ ተማሪዬ ደብተር ላይ እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ሬንት ኢን ኮዬ ካን ቺፐር ዛን ሬንት ኢን ቦሌ»። ያሰበችው «የኮዬ ኪራይ ከቦሌ ኪራይ ሊረክስ ይችላል» ብላ ነው። «ሊረክስ» ግስ ስለሆነ ምንም የጎደለ ነገር አልታያትም። «ቺፐር» ግን ግስ አይደለም፣ ከሞዳል በኋላ ደግሞ የግድ ግስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «ካን ቢ ቺፐር»። «ሹድ ሞር ኬርፉል» ሳይሆን «ሹድ ቢ ሞር ኬርፉል»። ግራ ሲገባችሁ ሞዳሉን አውጡትና ዓረፍተ ነገሩን አንብቡት። «ሬንት ኢን ኮዬ ኢዝ ቺፐር» ይላል አይደል? ሞዳሉ ተመልሶ ሲገባ ያ «ኢዝ» ወደ «ቢ» ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። «ካን ኢዝ ቺፐር» ብለው የሚተዉትም አሉ፣ እሱም አይሆንም። ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ግስ ካለው ደግሞ «ቢ» አትጨምሩ፦ «ዘ ትሬይን ካን ጎ ፋስተር» በቂ ነው።

«ካን ቱ ጎ» አይባልም። «ሂ ካን ራንስ ፋስተር» ም አይባልም። እነ ካንና ሹድ ከኋላቸው የሚፈልጉት ባዶ ግስ ብቻ ነው፣ ያለ «ቱ»፣ ያለ «ኤስ»። «ሃቭ ቱ» እና «ኦት ቱ» «ቱ»ን ይዘው ስለሚመጡ ነው ብዙ ሰው የሚምታታበት።

«ሞር ቺፐር»፣ «ሞር ቤተር»። «የበለጠ ይሻላል» ማለት ስለለመድን ይመጣል፣ ግን «ቤተር» ውስጥ «የበለጠ» አስቀድሞ አለ። አጫጭር ቅጽሎች መጨረሻቸው ላይ «ኧር» ይጨምራሉ፣ ረዣዥሞቹ «ሞር» ይቀድማቸዋል፣ ሁለቱ አብረው አይመጡም። ከዚህም በላይ የምሰማው ግን «ቬሪ ቤተር» ነው። «በጣም ይሻላል» ለማለት ከፈለጋችሁ «ማች ቤተር» በሉ፦ «ኢት ውድ ቢ ማች ቤተር»። ከኮምፓራቲቭ፣ ማለትም እንደ «ቤተር» እና «ቺፐር» ካለ የማወዳደሪያ ቅርጽ፣ ፊት «ቬሪ» አይቆምም።

ወደ «ከ» እንምጣ። አማርኛ ውስጥ መነሻንም ተወዳዳሪንም በአንድ «ከ» እንናገራለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለመነሻው «ፍሮም»፣ ለተወዳዳሪው «ዛን» አለው። ለዚህ ነው «ዘ ባስ ሹድ ቢ ቺፐር ፍሮም ዘ ሚኒባስ» ተብሎ የሚጻፈው። ይህችን እዩ፦ «ከኮዬ ለሚነሳ ሰው አውቶቡስ ከሚኒባስ ሊረክስ ይገባል»። የመጀመሪያዋ «ከ» መነሻ ናት፣ ሁለተኛዋ ተወዳዳሪ። ስለዚህ «ፍሮም ኮዬ፣ ዘ ባስ ሹድ ቢ ቺፐር ዛን ዘ ሚኒባስ»። የሚወዳደሩት ነገሮችም እኩያ ይሁኑ። «ሬንት ኢን ኮዬ ሹድ ቢ ቺፐር ዛን ቦሌ» ካላችሁ ኪራይን ከሰፈር ጋር ነው ያወዳደራችሁት፤ «ዛን ኢን ቦሌ» በሉ፣ ተስተካከለ።

አሁን የምናገረው ስህተት ሰዋስው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አያስነካም፣ ሥራ ቦታ ግን ሰው ያስቀይማል። አማርኛ አክብሮትን «እርስዎ» ላይ ያስቀምጣል፤ «ትንሽ ቀስ ብለው ይናገሩልኝ» ስንል ግሱ ራሱ አንቱ ይላል። እንግሊዝኛ «ዩ» እንጂ «እርስዎ» የለውም፣ አክብሮቱን ከሚሸከሙት ዋነኞቹ ሞዳሎቹ ናቸው። ስለዚህ ሆቴል ወይም የጥሪ ማዕከል የምትሠሩ ልጆች፣ ደንበኛን «ዩ ማስት ስፒክ ሞር ስሎውሊ» ስትሉት ትእዛዝ ነው የሰጣችሁት። «ኩድ ዩ ስፒክ ሞር ስሎውሊ፣ ፕሊዝ?» በሉ። «ሃድ ቤተር» ም እንደዚሁ ነው። «ቤተር» ስላለበት ለስላሳ ምክር ይመስላል፣ «ብትጠብቅ ይሻላል» እንደማለት። ነገር ግን «ዩ ሃድ ቤተር ዌይት» ውስጡ «አለበለዚያ መዘዝ አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ለጓደኛ፣ ለታናሽ ወንድም ይሆናል። ለአለቃ ወይም ለእንግዳ ግን «ኢት ማይት ቢ ቤተር ቱ ዌይት» ይሻላል።

ማስት ላይ እያለን፦ «መሆን አለበት» በአማርኛ ግዴታም ግምትም እንደሚሆን ሁሉ «ማስት ቢ» ም ሁለቱንም ይሆናል። «ዘ ባስ ማስት ቢ ቺፐር» ማለት «ሳይረክስ አይቀርም» ሊሆን ይችላል። ግምቱን ስታፈርሱት ግን «ማስት ኖት ቢ» አትበሉ፣ እሱ ክልከላ ነው የሚመስለው። «ሊረክስ አይችልም» ለማለት «ካንት ቢ ቺፐር»።

«ይሻል ነበር» ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ነበር»ን ሲያዩ እጃቸው ወደ «ዋዝ» ይሄዳል፣ «ኢት ውድ ዋዝ ቤተር» ይጻፋል። ከሞዳል በኋላ «ዋዝ» ፈጽሞ አይመጣም፤ ያለፈ ነገር ሲሆን «ሃቭ ቢን» ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የደቡቡ መስመር ቃሊቲ ላይ ቆመ፣ እኛ ጋ አልደረሰም። «ያኔ እስከ ኮዬ ቢመጣ ኖሮ ይሻል ነበር» ለማለት «ኢፍ ዘ ትሬይን ሃድ ካም ቱ ኮዬ፣ ኢት ውድ ሃቭ ቢን ቤተር» ትላላችሁ። የትርጉሙን ልዩነት ደግሞ ፈተና የተፈተነ ሰው በደንብ ይረዳዋል። «ማይ ስኮር ኩድ ቢ ሃየር» ካለ ገና ተስፋ አለ፣ ውጤቱ ሊጨምር ይችላል። «ማይ ስኮር ኩድ ሃቭ ቢን ሃየር» ካለ ፈተናው አልፏል፣ ቁጭት ነው። «ሺ» ቢሆንም ደግሞ «ሹድ ሃዝ» የለም፣ ሁሌም «ሹድ ሃቭ»። በንግግር «ኩዳቭ» እየተባለ ስለሚሰማ «ኩድ ኦፍ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ያው «ሃቭ» ነው፣ በደንብ ጻፉት።

አንድ ሰው «ሃው ኢዝ ዘ ኒው ጆብ?» ተብሎ «ኢት ኩድንት ቢ ቤተር» ቢላችሁ አትዘኑለት። «ከዚህ በላይ ሊሻል አይችልም» ማለቱ ነው፣ በጣም ተመችቶታል። «ኩድ ቢ ቤተር» ካለ ግን አልተደሰተም። «ኩድንት አግሪ ሞር» ም አለመስማማት አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ መስማማት ነው።

«ሺ ካን ታይፕ ፋስተር ዛን አይ ካን» ትክክል ነው፣ «ዛን ሚ» ም በንግግር ያስኬዳል። «ዛን ሚ ካን» ግን የትም አያስኬድም። እኩልነት ስትናገሩ ደግሞ «ኧር»ን ተዉት፦ «ካን ታይፕ አዝ ፋስት አዝ ሚ» እንጂ «አዝ ፋስተር አዝ» አይባልም። «ውድ ራዘር» ከመጣ ሁለቱም ወገን ባዶ ግስ ነው፦ «አይ ውድ ራዘር ዎክ ዛን ዌይት»፣ ሰልፍ ቆሜ ከምጠብቅ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።

የመጨረሻው «በ... ቁጥር» የምንለው ነው። «ማለዳ በወጣህ ቁጥር መንገዱ ይቀልልሃል»። ስለወደፊቱ ስለሆነ ሰዉ ሁለቱም ጋ «ዊል» ያስገባል፦ «ዘ ኧርሊየር ዩ ዊል ሊቭ፣ ዘ ኢዚየር ኢት ዊል ቢ»። የመጀመሪያው ክፍል «ኢፍ» እንዳለበት ዓረፍተ ነገር ሁኔታ ስለሆነ «ዊል» አይገባበትም፤ ውጤቱ ላይ ብቻ ይገባል። «ዘ ኧርሊየር ዩ ሊቭ፣ ዘ ኢዚየር ኢት ዊል ቢ»። ሁለቱንም «ዘ»ዎች አትርሱ፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ቢ» ም።