የከተማውን ዓመታዊ ሪፖርት እንዴት እናዳምጥ? ለድሬዳዋ ነዋሪዎች

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የዓመቱ ክንውን ተጠቃሎ በአዳራሽ ይቀርባል፤ ውሃው፣ መንገዱ፣ ጤናው፣ የሥራ ዕድሉ፣ የአረጋውያን ቤት እድሳቱ። አቅራቢው ጊዜ የለውምና ፈጥኖ ያነባል። አዳራሹ ይሞቃል፤ ሕዝቡ አጨብጭቦ ይበተናል። እኔ ከዚራ ሰፈር የምኖር፣ በምድር ባቡር የዕቃ ግምጃ ቤት ሒሳብ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ቁጥር ሲነበብ ዝም ብዬ ማሳለፍ አይሆንልኝም። ያ ሪፖርት ስለ እኛ ኑሮ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ተዘጋጅተን ልንሰማው ይገባል።

ዝግጅቱ ቤት ውስጥ ይጀምራል። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ውሃ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደመጣ፣ ስንት ጀሪካን እንደሞላችሁ በደብተር መዝግቡ። ጎረቤትም እንዲመዘግብ ንገሩ፤ የአንድ ቤት ወሬ ቅሬታ ተብሎ ይታለፋል፣ የአንድ መንደር መዝገብ ግን መልስ ይፈልጋል። ከተቻለ ያለፈውን ዓመት ሪፖርትና የዘንድሮውን ዕቅድ አስቀድማችሁ ከቀበሌው ጠይቁ።

አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ «በመቶ» ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ለምሳሌ በዓመቱ መጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ታቀደ እንበል። በዓመቱ አጋማሽ ዕቅዱ ተከልሶ 5 ሆነ፤ የተሠራው 4.8 ነው። ሪፖርቱ 96 በመቶ ይላል፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ሐምሌ ላይ ቃል ከተገባው ግን ግማሹ እንኳ አልተሠራም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ «ይህ በመቶ የተሰላው ከመጀመሪያው ዕቅድ ነው ወይስ ከተከለሰው?» ዕቅድ መከለስ ነውር አይደለም፤ በጀት ሊዘገይ፣ ሲሚንቶ ሊወደድ ይችላል። ምክንያቱ ግን ለሕዝብ መነገር አለበት።

ውሃ ላይ ረጅም ጊዜ ውሰዱ፤ የድሬ ሰው ኑሮ እዚያ ላይ ነውና። «የንጹሕ መጠጥ ውሃ ሽፋን» የሚለው ቁጥር መስመሩ የት እንደደረሰ እንጂ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚፈስ አይነግራችሁም። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። አምስት ሰው ላለበት ቤት 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ደብተራችሁን አውጡና አስተያዩት። ቀጥላችሁ ስለ ቧንቧዎቹ ጠይቁ። ውሃችን ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የበዛበት ነው፤ የጀበናችንን ውስጥ ያየ ያውቀዋል። ያው ኖራ ቧንቧውንም ውስጥ ለውስጥ ያጠበዋል። አዲስ ጉድጓድ መቆፈሩ ደስ ያሰኛል፤ አሮጌው መስመር ካልተቀየረ ግን የተገኘው ውሃ ሁሉ እኛ ዘንድ አይደርስም። ስንት ኪሎ ሜትር አሮጌ መስመር እንደተለወጠ፣ በየትኛው ሰፈር እንደሆነ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

በግምጃ ቤታችን የገባ መለዋወጫ ተገጥሞ መሥራቱን ዎርክሾፑ ሳያረጋግጥ ሒሳቡ አይዘጋም ነበር። «ተገነባ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው። ጤና ጣቢያው ተገንብቷል፤ ባለሙያና መድኃኒት አለው? የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ተመርቋል፤ ዛሬ ክፍት ነው?

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ የሚመለከት ነገር ሲነሳ ግን በርጋታ አዳምጡ፣ ልጆቻችሁንም አስታውሱ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መገባደጃ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዝናቡ የሚወርደው ከከተማው በላይ ካሉት ተራሮች ነው፤ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የጎርፍ መከላከያ ግንቡ ርዝመት ብቻ አይበቃንም። አሸዋና ቆሻሻው ከክረምት በፊት ተጠርጓል? በላይኛው ተፋሰስ የእርከንና የችግኝ ሥራው ከምን ደረሰ? ምን ያህሉ ችግኝ ጸደቀ? ጎርፍ ሲነሳ ወንዙ ዳር ያለው ሰው በማን፣ በምን መንገድ ይሰማል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በየዓመቱ መነሳት አለባቸው፤ ማንም «ባለፈው ተጠይቋል» ብሎ ሊያስቆማችሁ አይገባም።

የሥራ ዕድል ቁጥር ሲነበብ ቋሚውን ከጊዜያዊው ለይተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ይህ አጭር ነው። የአረጋውያን ቤት እድሳት ደግሞ በአዳራሽ የሚጠየቅ አይደለም፤ ሄዳችሁ ባለቤቶቹን እዩ፣ ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ ያፈስ እንደሆነ ጠይቁ።

አጠያየቁም ሥርዓት አለው። እጃችሁን አውጥታችሁ ስትነሱ ሰላምታ ስጡ፣ የተሠራውን መልካም ነገር በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። በክረምት ጭቃ የነበረ መንገድ ተነጥፎ እናት ልጇን አዝላ ሳትንሸራተት ስትሄድ ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ የሠራውም ሰው ሊሰማው ይገባል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በአንድ ቁጥር ተደግፋችሁ ጠይቁ። በስብሰባችን በአማርኛ ሐሳቡን መግለጽ የሚከብደው ጎረቤት አይጠፋም፤ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይናገር፣ የሚተረጉምለትም ይኑር፣ ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ጥያቄውና መልሱ በቃለ ጉባዔ መስፈሩን ሳታረጋግጡ አትቀመጡ።

መልስ ካላገኛችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተያዘ መረጃ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱና ያዙት። ቀኑ ካለፈ ቅጂውን ይዛችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ትሄዳላችሁ፤ ለአስተዳደሩ ምክር ቤት አባላችሁም ታሳዩታላችሁ። ጥር ላይ የስድስት ወሩ ሪፖርት ሲቀርብም ያችኑ ጥያቄ፣ ከነቀኗና ከነመዝገብ ቁጥሯ፣ መልሳችሁ አንሱ።