ኮዱ ነው ወይስ ኮምፓይለሩ? ባጉን ከምልክቱ መለየት

ችግር፦ ፕሮግራሙ ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ለማፍጠን የሚያደርገው ለውጥ) ሲጠፋ፣ ማለትም በኦ0 ደረጃ ልክ ነው፤ ማፍጠኑ ሲበራ፣ በኦ2 ደረጃ ግን የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

መንስኤ፦ ኮምፓይለሩን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኮዱ ነው። በሲ ቋንቋ ሳይንድ ኢንቲጀር (ኔጌቲቭም ሊሆን የሚችል ሙሉ ቁጥር) ከልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ስታንዳርዱ አይደነግግም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ነገሩ ከቶ እንደማይደርስ ቆጥሮ ይሠራል። ቁጥሩ ላይ 1 ደምሮ «ከነበረው አነሰ ወይ?» የሚል ማጣሪያ በኦ2 ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰረዝ የሚችለው ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ አድሬስ ሳኒታይዘርንና (የሜሞሪ ስህተት ያዡን) ዩቢሳንን (ያልተደነገገ ባህሪ ያዡን) አብርታችሁ አሂዱት። ዝም ቢሉም ኮዱ ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ ዩቢሳን የስትሪክት አሊያሲንግ ጥሰትን (አንድን ሜሞሪ በማይገጥም ታይፕ ፖይንተር መንካትን) አይዝም። በዚህ ሕግ ላይ የተመሠረተውን ኦፕቲማይዜሽን ብቻ ስታጠፉ ስህተቱ ከጠፋ፣ ወደ ኮዳችሁ ተመልሳችሁ ፖይንተሮቹን መርምሩ። ጥርጣሬው አሁንም ኮምፓይለሩ ላይ ከቀረ፣ ኤልኤልቪኤም (እንደ ክላንግ ያሉ ኮምፓይለሮች የተሠሩበት መሠረት) ኦፕት ባይሴክት ሊሚት የሚባል አማራጭ አለው፤ ከሰጣችሁት ቁጥር በኋላ ያሉትን ፓሶች (የኦፕቲማይዜሽን እርምጃዎች) ይዘላል። የቁጥሩን ክልል በግማሽ በግማሽ እያጠበባችሁ ስህተቱን ያመጣውን ፓስ ታገኛላችሁ።

ችግር፦ ራሳችሁ የጻፋችሁት ኢንተርፕሬተር (ኮድን በቀጥታ የሚያስኬድ ፕሮግራም) በዘፈቀደ ይወድቃል፤ አንድ ፕሪንት ስትጨምሩ ደግሞ የሚወድቅበት ቦታ ይቀየራል።

መንስኤ፦ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ጋርቤጅ ኮሌክተሩን (የማያስፈልግ ሜሞሪን የሚያስለቅቀውን ክፍል) ነው። ኦብጀክቱን የያዘው የውስጥ ቫሪያብል ብቻ ከሆነና ኮሌክተሩ ያንን ካላወቀ፣ ኦብጀክቱን እንደ ቆሻሻ ይጠርገዋል። ፕሮግራሙ የሚወድቀው ግን ያ ሜሞሪ በድጋሚ ሲነካ ነው፣ ከጥፋቱ ቦታ ብዙ ርቆ። ስታክ ትሬስ (ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበረበት የጥሪ ዝርዝር) እዚህ ላይ ያሳስታል።

መፍትሄ፦ ኮሌክተሩ ሜሞሪ በተጠየቀ ቁጥር እንዲሮጥ አስገድዱት። ሩቢ ለዚህ ጂሲ ስትሬስ የሚባል ማብሪያ አለው፤ በራሳችሁ ኢንተርፕሬተር ላይም መጨመሩ ቀላል ነው። ፍጥነቱ ያሰለቻል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ይታይ የነበረው ውድቀት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ከጥፋቱም አጠገብ መታየት ይጀምራል።

ፈንክሽኑ ለብዙ ጥሪ ትክክል ሠርቶ በኋላ ከተሳሳተስ? ጂቱን (ብዙ የሚጠራን ኮድ በሥራ ላይ እያለ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ክፍል) አጥፉት። ከተስተካከለ፣ ጂቱ ስለ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) የወሰደው ግምት ሲፈርስ ወደ ኢንተርፕሬተሩ አልተመለሰም ይሆናል። ጂቱ ሥራ የሚጀምርበትን የጥሪ ብዛት ዝቅ አድርጋችሁ ሁሉንም ቴስት አሂዱ።

ችግር፦ ኮምፓይለሩ ራሱ ይወድቃል።

ይህ ከሁሉም ይቀላል፤ ቢያንስ አይዋሽም። ፋይሉን በሲሪዱስ (ስህተቱን ጠብቆ ኮዱን የሚያሳጥር መሣሪያ) አሳንሱት። የምትሰጡት ስክሪፕት «ወደቀ» ማለቱ ብቻ ግን አይበቃም፣ ያንኑ የስህተት መልእክት ያጣራ፤ አለዚያ ሲያሳንስ ወደ ሌላ ባግ ይንሸራተታል።

ተጠቃሚ ሳይደርስባቸው ባጎችን ለማደን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ሲስሚዝ የተባለው መሣሪያ ያልተደነገገ ባህሪ የሌላቸው የሲ ፕሮግራሞችን በዘፈቀደ እየጻፈ የኮምፓይለሮችን ውጤት ያነጻጽራል። በዚህ መንገድ ከ325 በላይ ያልታወቁ ባጎች ተገኝተዋል። የሚያመነጨው ትክክለኛ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ ግን፣ ኮምፓይለሩ ውድቅ ማድረግ የነበረበትን ኮድ ሲቀበል አይዝም። ለዚያ መከልከል ያለባቸውን ኮዶች በእጅ ጽፎ ከቴስቱ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።