እርሾው ምን በልቶ አደረ?

እርሾ ላይ የጂን ሥራ (የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ) መለካት የሚጀምር ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የዳቦ እርሾ 6,000 ያህል ጂኖች አሉት። የትኛው እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደሚተኛ የሚወስነው ስኳሩ፣ ሙቀቱና አየሩ ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ ጋል 1 የሚባለውን ጂን ያዙ። ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር ለመጠቀም የሚያስፈልግ ኢንዛይም የሚሠራው በእሱ ነው። ግሉኮስ ካለ ጂኑ ዝም ይላል፤ ሚግ 1 የሚባል ፕሮቲን ይዘጋዋል። ግሉኮስ ጠፍቶ ጋላክቶስ ሲገኝ ጋል 4 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ያስነሳዋል። ልዩነቱ እስከ ሺህ እጥፍ ስለሚደርስ እጁ ገና ያልተፍታታ ሰውም አይስተውም።

ማታ እርሾውን ራፊኖስ የሚባል ሌላ ስኳር 2 በመቶ ባለበት ምግብ አሳድሩት። ብዙ ሰው በግሉኮስ ያሳድረውና ጠዋት ጋላክቶስ ይሰጠዋል። እንዲህ ያደረ እርሾ ጋል 1ን ለማስነሳት ሰዓታት ይፈጅበታል። ራፊኖስ ግን ጂኑን አይዘጋውም፣ አያስነሳውምም፤ ጋላክቶስ ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል።

ጠዋት አቅጥኑትና በ30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 200 ዙር በሚንቀጠቀጥ ማሽን (ሼከር) ላይ አድርጉት። ፍላስኩን ከአንድ አምስተኛው በላይ አትሙሉ። አየር ካጠረው ሌሎች ጂኖች ይነሱና ውጤቱን ያደበላልቁታል። ኦዲው (የሴሎቹን ብዛት የሚያሳየው የፈሳሹ ድፍርስነት ልኬት) 0.4 ሲደርስ ለሦስት ክፈሉት፦ ለአንዱ ግሉኮስ፣ ለአንዱ ጋላክቶስ፣ ሦስተኛው እንዳለ ይቆይ። በ0፣ በ15፣ በ30 እና በ60 ደቂቃ ናሙና ውሰዱ።

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ጋ ነው። አንድ ቀን ሴሎቹን ከፈሳሹ የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፊውጁ፣ ተይዞ ነበርና የናሙና ቱቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ 20 ደቂቃ ተውኳቸው። ምንም ያልነካሁት ሦስተኛው ፍላስክ ሳይቀር የጭንቀት ጂኖቹ (ሴሉ ሲቸገር የሚነሱት) ተነስተው አገኘሁ። ሦስት ሳምንት ምግቡን ስጠራጠር ከረምኩ። ለካ ሴሎቹ እኔን ሲጠብቁ ቱቦው ውስጥ ሌላ ኑሮ ጀምረው ነበር! አሁን ናሙናውን በማጣሪያ ስቤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እከተዋለሁ። የምትለኩትን አር ኤን ኤ (የተነሳ ጂን የሚያወጣውን ቅጂ) በኋላ ተረጋግታችሁ ታወጣላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በግሉኮስ ያለው እርሾ በ90 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ በራፊኖስ ያለው ይዘገያል። የራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) ጂኖች ደግሞ የእድገት ፍጥነትን ይከተላሉ። እነሱ ላይ ልዩነት ካያችሁ፣ ስኳሩ ነው ከማለታችሁ በፊት የሁለቱን የእድገት ፍጥነት ለኩ።