ሊኑክስ ላይ የሠራው ላይብረሪ ዊንዶውስ ላይ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሔ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለችው ቢሮአችን የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የምትቀይር ትንሽ የሲ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት የኮድ ስብስብ) ጻፍን። ሊኑክስ ላይ ያለ እንከን ትሠራ ነበር፤ መጋላ ያለው ደንበኛችን ግን የሚጠቀመው ዊንዶውስ ነው።

ችግር፦ ዲኤልኤሉ (ፕሮግራም ሲሮጥ የሚጫነው የዊንዶውስ ላይብረሪ) ያለ ስሕተት ተሠርቶ ሳለ አብሮት መውጣት የነበረበት የሊብ ፋይል የለም፤ ሊንከሩም (የኮድ ክፍሎችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገናኘው መሣሪያ) ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም ሲል ኤልኤንኬ1104 የተባለውን ስሕተት ያወጣል። ምክንያቱ፣ የሊኑክሱ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ጂሲሲ በኮዱ «ስታቲክ» (ለዚያው ፋይል ብቻ) ያልተባለን ፈንክሽን ሁሉ ለውጭ ክፍት ሲያደርግ፣ የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ግን ካልታዘዘ አንዱንም አለማውጣቱ ነው፤ የሚወጣ ሲምቦል (የፈንክሽን ወይም የተለዋዋጭ ስም) ከሌለ የሊብ ፋይሉም አይፈጠርም። መፍትሔው ለውጭ የሚሰጡትን ፈንክሽኖች በሄደሩ (ፈንክሽኖቹ በሚታወጁበት ፋይል) ውስጥ በማክሮ (ኮምፓይለሩ በሌላ ጽሑፍ በሚተካው ስም) አማካኝነት «ዲኤልኤልኤክስፖርት» ብሎ ማመልከት ነው። ላይብረሪውን በምንገነባበት መሣሪያ፣ በሲሜክ፣ ከ3.4 ጀምሮ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያወጣ አማራጭ ቢኖርም፣ ግሎባል ተለዋዋጮችን በተመለከተ ሥራውን ስለማይጨርስ እኔ አልመርጠውም።

ችግር፦ ያንኑ ኮድ በስታቲክ ላይብረሪነት (በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀላቅሎ እንዲገባ) ስንሠራው ኤልኤንኬ2019 (የተጠራው ስም አልተገኘም የሚል የሊንከር ስሕተት) መጣ። የከሰዓቱ ሙቀት ባናት ባናታችን ላይ እያለ ሰዓታት የፈጀብን ይኸኛው ነው። ፍንጩ በመልእክቱ ውስጥ ነበር፦ የጠፋው ስም «ቀን_ቀይር» ሳይሆን «__አይኤምፒ_ቀን_ቀይር» ነበር። ማክሮአችን ላይብረሪው ሲሠራ «ኤክስፖርት»፣ በሌላ ጊዜ ሁሉ «ዲኤልኤልኢምፖርት» (ከዲኤልኤል ይምጣ) ይል ስለነበር፣ ኮምፓይለሩ በዲኤልኤል የሊብ ፋይል ውስጥ ብቻ የሚገኘውን ጠቋሚ ፈለገ። ስለዚህ ለስታቲክ ማክሮውን ባዶ የሚያደርግ ሦስተኛ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል። ይህን ቅርንጫፍ የሚመርጠው ምልክት በሲሜክ «ፕራይቬት» ሳይሆን «ፐብሊክ» ተብሎ መሰጠት አለበት፤ አለዚያ ላይብረሪውን ሲሠሩ ይታያል እንጂ ለተጠቃሚው ፕሮግራም አይደርስም።

ችግር፦ ሊኑክስ ላይ ስታቲኩን በሼርድ ላይብረሪ (የዲኤልኤል የሊኑክስ አቻ) ውስጥ ስናስገባ ሊንከሩ «በ-ኤፍፒክ እንደገና ኮምፓይል አድርግ» ይላል። ይህ ኮዱ የትም የማስታወሻ ቦታ ቢጫን እንዲሠራ የሚያደርግ የኮምፓይለር አማራጭ ነው፤ እንዳለው ማድረግ ነው።

ችግር፦ የደንበኛውን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ስንሞክር፣ «ቀሪ» በሚባለው የውስጥ ፈንክሽናችን ፋንታ በዚያው ስም የሚጠራው የፕሮግራሙ ፈንክሽን ተጠርቶ ቀኑ ተሳሳተ። ሼርድ ላይብረሪው ሁሉን ክፍት ስላደረገ ሎደሩ (ፕሮግራሙ ሲነሣ ላይብረሪዎቹን የሚጭነው) በቅድሚያ ያገኘውን ስም ያዘ። «-ኤፍቪዚቢሊቲ=ሂድን» ብለን ሁሉን ዘግተን፣ የሚፈለጉትን ብቻ በዚያው ማክሮ ከፈትን። ከዚያ ወዲህ ማክሮው የተረሳበት ፈንክሽን «ኤንኤም -ዲ» (የላይብረሪውን ክፍት ስሞች የሚዘረዝር ትእዛዝ) ሲታዘዝ ከዝርዝሩ ስለሚጎድል፣ ስሕተቱን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሳንደርስ እዚሁ እንይዘዋለን።