«ልቡ ሸፍቷል» ከማለት በፊት፦ ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ ተጫዋችን ስንዳኝ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ጥር በገባ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ውሉ በሰኔ የሚያልቅ ተጫዋች አንድ ኳስ ከተነጠቀ «ልቡ ሸፍቷል» ይባላል። ጎል ካገባ ደግሞ «ዋጋውን እያስወደደ ነው»። ሰውዬው በየትኛውም መንገድ አያሸንፍም። ደጋፊ የተጫዋቹን ቁርጠኝነት ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ የሚያናድደው ለፍርዱ የሚቀርበው ማስረጃ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቡን ሳያውቁ «ከዳ» ማለት

የአውሮፓ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 በቤልጅየማዊው ተጫዋች ቦስማን ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ይሄዳል። የፊፋ ደንብ ደግሞ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር እንዲፈርም ይፈቅድለታል። ውሉ ሰኔ 30 የሚያበቃ ከሆነ በሩ የሚከፈተው ጥር 1 ነው። ፈላጊው ክለብ ድርድር ከመጀመሩ በፊት ለተጫዋቹ ክለብ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህ ሁሉ በግልጽ የተጻፈ አሠራር ነው፤ በጨለማ የሚፈጸም ክህደት አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ ግን አንድ ልዩነት አለ። ከአንድ የእንግሊዝ ክለብ ወደ ሌላ የእንግሊዝ ክለብ በጥር ቅድመ ውል መፈረም አይቻልም። ስለዚህ «የሊቨርፑሉ ተከላካይ ለቼልሲ ቀድሞ ፈረመ» የሚል የጥር ወሬ ካያችሁ እለፉት። ዕድሜው ከ24 በታች ከሆነና ክለቡ አዲስ ውል አቅርቦለት ከነበረ ደግሞ ውሉ ቢያልቅም ካሳ ይከፈልበታል። ዳኒ ኢንግስ በ2015 ከበርንሌይ ወደ ሊቨርፑል ሲያመራ ሁለቱ ክለቦች በዋጋው ስላልተስማሙ የወሰነላቸው ገለልተኛ ጉባኤ ነው፦ 6.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በቅድመ ሁኔታ እስከ 8 ሚሊዮን የሚደርስ።

በአሥር ሰከንድ ቪዲዮ መፍረድ

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይህኛው ነው።

ጥር 5 ቀን 2025 ሊቨርፑል በአንፊልድ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 2 ለ 2 ተለያየ። ሪያል ማድሪድ ውሉ በሰኔ የሚያልቀውን የሊቨርፑል ቀኝ ተከላካይ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድን እንደሚፈልግ ከተሰማ ገና ቀናት መቆጠራቸው ነበር። ትሬንት በዕለቱ መጥፎ ተጫወተ፤ በእሱ በኩል ዩናይትዶች ደጋግመው ገቡ፤ ወደ መጨረሻው ላይ በኮኖር ብራድሌይ ተቀየረ። በዚያው ምሽት ሲራመድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ተቆርጦ ወጣ፤ ፍርዱም አብሮ ተሰጠ፦ «አእምሮው ማድሪድ ነው»።

እስቲ እንመርምረው። ትሬንት ከጀርባው ክፍት ቦታ ትቶ መውጣቱና አንድ ለአንድ ሲያዝ መቸገሩ በ2022ም በ2023ም ሲያስተቸው የቆየ ጉዳይ ነው። ያኔ ውሉ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። ውሉ ረጅም እያለ የነበረ ድክመት ውሉ ሲያጥር የመጣ አመል ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ አሰልጣኝ አርነ ስሎት በዚያ ዓመት ሞሐመድ ሳላህን ከመከላከል ሥራ አቅልሎለት ወደፊት እንዲቆይ አድርጎ ነበር፤ ሳላህም ይህንኑ በአደባባይ ተናግሯል። የቀኝ መስመር አጥቂው ወደኋላ ካልተመለሰ የቀኝ ተከላካዩ ብቻውን ከሁለት ሰው ጋር ይፋጠጣል። ይህ የአሰልጣኙ ስሌት ነው፤ ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው ግን ስሌቱን አላሳያችሁም። ሦስተኛ፣ የቴሌቪዥን ካሜራ የሚከተለው ኳሱን ነው። ተጫዋቹ ከዚያ በፊት በነበሩት ሠላሳ ሰከንዶች የት እንደነበረና ስንት ሜትር እንደሮጠ ፍሬሙ ውስጥ የለም።

ከምር ማጣራት የሚፈልግ ሰው ሥራው እንዲህ ነው። ተጫዋቹን ከራሱ ጋር አወዳድሩ፤ ከቡድን ጓደኛው ጋር አይደለም። ያለፈውን ዓመትና የዘንድሮውን፣ በተመሳሳይ ቦታ የተሰለፈባቸውን ጨዋታዎች ብቻ ውሰዱ። ቢያንስ አሥር ጨዋታ ይሁን፤ ከዚያ ያነሰ ከተጋጣሚ ጥንካሬ ጋር ይምታታል። ቁጥሩን ሁሉ ለ90 ደቂቃ ስንት እንደሚደርስ አስሉ። የሮጠውን ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ብዙ አትመኑት፤ ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ይቀንሳል፣ ሲመራም ይቀንሳል። የሚሻለው ከፍተኛ ፍጥነት ላይ የደረሰባቸው ሩጫዎች ብዛት ነው (በብዙ የመለኪያ ሥርዓቶች በሰዓት ከ25.2 ኪሎ ሜትር በላይ)፤ በተለይም ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ወደኋላ ያደረጋቸው። በመጨረሻም ጉዳትና ዕድሜን ቀንሱ። የ33 ዓመት አጥቂ ሩጫው ቢቀንስ ውል አያስፈልገውም፤ ልደቱ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ አጣርታችሁ ልዩነት ካገኛችሁ ተናገሩ። ካላጣራችሁ «ዛሬ መጥፎ ተጫወተ» በሉ፤ እሱም በቂ ትችት ነው።

«ሌላ ቦታ ከፈረመ በኋላ አይጫወትም» ብሎ መደምደም

የዶርትሙንዱ አጥቂ ሮበርት ሌዋንዶውስኪ በጥር 2014 መጀመሪያ ለባየርን ሙኒክ መፈረሙ ይፋ ሆነ። ለዋናው ተቀናቃኝ፣ በነፃ፣ ገና ግማሽ የውድድር ዓመት እየቀረ። ዓመቱን በዶርትሙንድ ማሊያ በ20 ጎል የቡንደስሊጋው ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ።

ሳላህ በ2024/25 በሊጉ 29 ጎል አግብቶ 18 አመቻችቷል። ውሉን ያራዘመው ሚያዝያ 11 ነው፤ ከ29ኙ ጎሎች 27ቱን ያገባው ከዚያ በፊት፣ ውሉ እያለቀ ሳለ ነው። ትሬንትም ቢሆን ከቁርጭምጭሚት ጉዳት ተመልሶ ሚያዝያ 20 ተቀይሮ በመግባት ሌስተር ላይ የማሸነፊያዋን ብቸኛ ጎል አገባ፤ በሳምንቱ ሊቨርፑል ዋንጫውን አረጋገጠ። እንደሚለቅ ግንቦት 5 ሲያሳውቅ በቀጣዩ የአርሰናል ጨዋታ የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት። መሄዱ ያስቆጣል፤ ቁጣው የደጋፊ መብት ነው። ግን «በመሄዱ ተናደድኩ» እና «አልተጫወተልንም» ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው። ሁለተኛውን የጎሎቹ መዝገብ አይደግፈውም።

ምክንያቱም ቀላል ነው። ውሉ የሚያልቅ ተጫዋች ለሽያጭ የቀረበው ራሱ ነው፤ በቀጣዩ ክለብ የሚያገኘው የፊርማ ክፍያና ደመወዝ የሚሰላው በዚያ ዓመት በሚያሳየው ነው። አስቀድሞ የፈረመ እንኳ ብሔራዊ ቡድኑ፣ አዲሱ አሰልጣኙና የሚጠብቀው ተፎካካሪ ይከታተሉታል።

የደቂቃ መቀነስን የስንፍና ማስረጃ ማድረግ

ኪሊያን ምባፔ በየካቲት 2024 እንደሚለቅ ለክለቡ ፒኤስጂ (ፓሪ ሳን ዠርማ) ካሳወቀ በኋላ አሰልጣኝ ሉዊስ ኤንሪኬ ከሬን ጋር ሲጫወቱ በ65ኛው ደቂቃ፣ ከሞናኮ ጋር ደግሞ በእረፍት ሰዓት አስወጣው። አሰልጣኙ ያለ እሱ መጫወትን መልመድ እንዳለባቸው በግልጽ ተናግሯል። ደቂቃው የቀነሰው በክለቡ ውሳኔ ነው። ምባፔ ያንን ዓመት በ27 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨርሷል። የዚያው ክለብ አማካይ አድሪያን ራቢዮም በ2018/19 ውል አላራዝም ካለ በኋላ ከታኅሣሥ ጀምሮ አልተሰለፈም፤ የዚያ ዓመት ስታቲስቲክሱን እያነሱ ስለ ቁርጠኝነቱ መከራከር ከንቱ ነው።

ጉዳትን «አስመሳይ» ማለት

የአርሰናሉ አሮን ራምሴ በየካቲት 2019 ከጁቬንቱስ ጋር ተፈራረመ። በሚያዝያ ናፖሊ ላይ ጡንቻው ተጎድቶ የባኩውን የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ጨምሮ የቀረው ዓመት አመለጠው። ፍጻሜ ለመቅረት ጡንቻውን የሚጎዳ ሰው የለም።

«ይፈርም እንጂ ሌላው ይስተካከላል»

የአርሰናል ደጋፊ ይህን ክፍል ባያነበው ይሻለው ይሆናል። ሜሱት ኦዚል ውሉ አምስት ወር ሲቀረው፣ በየካቲት 2018 መጀመሪያ፣ እስከ 2021 ፈረመ፤ ሁሉም ተነፈሰ። ከመጋቢት 2020 በኋላ ለአርሰናል አንድም ደቂቃ አልተጫወተም። አጥቂው ኦባሚያንግ በ2019/20 በሊጉ 22 ጎል አገባ፤ በመስከረም 2020 ለሦስት ዓመት ፈረመ፤ በዚያ ዓመት ጎሉ ወደ 10 ወረደ።

ደመወዙን ጨምሮ ተኛ? እዚህም ቆም በሉ። ኦባሚያንግ በ2021 ለጋቦን ተጫውቶ ሲመለስ ወባ ይዞት ሆስፒታል ገብቷል፤ ወባ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። የቁርጠኝነት እውነተኛ ማስረጃ የመጣው በታኅሣሥ 2021 ነው፦ የቡድኑን ሥነ ምግባር በመጣሱ አምበልነቱን ተነጠቀ። መዘግየት፣ ከልምምድ መቅረት፣ አልጫወትም ማለት፦ እነዚህ ቀን ያላቸውና የሚረጋገጡ ነገሮች ናቸው። የፊት ገጽታ አይደለም።

በተቃራኒው፣ አርማ መሳምንም እንደ ውል አትቁጠሩት። የቶተንሃሙ አምበል ሶል ካምቤል በ2001 በነፃ የሄደው ወደ አርሰናል ነው።

ክለቡን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣት

ለሽያጭ ዋጋ ያለው ተጫዋች ውሉ ሁለት ዓመት ሲቀረው ይራዘማል ወይም ይሸጣል፤ አንድ ዓመት ሲቀረው ዋጋው ወርዷል፣ የመደራደር ኃይሉም ወደ ወኪሉ ተሻግሯል። ሊቨርፑል ሳላህን፣ ቫን ዳይክንና ትሬንትን ሦስቱንም በአንድ ሰኔ ላይ ያደረሳቸው የተጫዋቾቹ ስምምነት አይደለም። ከ2022 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ማይክል ኤድዋርድስ፣ ጁሊያን ዋርድና ዮርግ ሽማድትከ ተራ በተራ የስፖርት ዳይሬክተርነቱን ለቀዋል። ውል የሚያራዝመው ወንበር ቋሚ ባለቤት አልነበረውም።

የአውሮፓን መለኪያ ሳይቀይሩ ወደ አገር ቤት ማምጣት

በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አብዛኛው ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። በየዓመቱ የቡድኑ ትልቅ ክፍል የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ነው ማለት ነው፤ «ውሉ ስለሚያልቅ አይጫወትም» እውነት ቢሆን ኖሮ ሊጉ በየዓመቱ መጨረሻው ላይ ሰው ባላገኘ ነበር። እዚህ ተጫዋች ልምምድ ካቆመ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ውሉ ማብቂያ አይሁን፤ ደመወዝ መቼ እንደተከፈለው ጠይቁ። ክለቦቻችን ደመወዝ ማዘግየታቸው አዲስ ነገር አይደለም። በፊፋ ደንብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ፣ ክፍያው አሁንም ካልመጣ፣ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ስለዚህ «ጠፋ» የተባለ ተጫዋች ስም ከማንሳታችሁ በፊት ደብዳቤ ማስገባቱንና አለማስገባቱን አጣሩ።