ቦይለሩ እምቢ ሲል፣ መድን ሰጪውም ሲለግም፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

እንግሊዝ አገር በክረምት ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር ቆመ ማለት ቤቱ በአንድ ሌሊት በረዶ ሆነ ማለት ነው። ወር በወር የቦይለር መድን የሚከፍል ሰው ስልክ ሲያነሳ የሚጠብቀው ቀላል ነገር ነው፦ ሰው ይመጣል፣ ይጠግናል፣ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይሆናል። ነገሩ ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። ምክንያቱን ማንም አልጻፈውም። ምልክቱ ታየ፣ ምልክቱ ታከመ፣ ሰውየው ሄደ። ስለዚህ ይህን ስታነቡ ስልካችሁና ማስታወሻ አጠገባችሁ ይሁን። የምትመዘግቡት ነገር ዛሬ ለጥገናው፣ ነገ ለአቤቱታው ያገለግላል።

ከሁሉ በፊት

ጋዝ ከሸተታችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ጋዙን ከቆጣሪው ዝጉ፣ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፣ ውጡና 0800 111 999 ደውሉ። መድን ሰጪውን አትጠብቁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም። ቤት ውስጥ ስትሆኑ የሚጀምር፣ ወጣ ስትሉ የሚተው ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ካለ ቦይለሩን አጥፍታችሁ ውጡ። ቁጥሩ ያው ነው፤ ሐኪምም ይያችሁ።

የቦይለሩን ሽፋን መክፈት የእናንተ ሥራ አይደለም። ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ ላይ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው የሚነካው። ሲመጣ ካርዱን ጠይቁና ጀርባውን አገላብጡ፤ የትኛውን ዓይነት ሥራ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት እዚያ ተጽፏል። የምትጠይቁት በትህትና ነው፣ ግን ጠይቁ።

ምልክት፦ ምንም አይሠራም

የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ባትሪ ጨርሶ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ላይ አንዱ ማብሪያ ወርዶ ይሆናል። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ካላችሁ ሂሳቡን እዩ። ምድጃው የሚነድ ከሆነ ጋዝ እየገባ ነው፤ ችግሩ ቦይለሩ ጋ ነው። ስክሪኑ ላይ ኮድ ካለ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ሪሴት ሲደረግ ኮዱ ሊጠፋ ይችላል፤ ኮዱ ከጠፋ ማስረጃውም ጠፋ።

ምልክት፦ ውርጭ በጣለበት ጠዋት ይንቦጫቦጫል፣ ከዚያ ይቆማል

ዘመናዊ ቦይለር ከጭሱ የሚወጣውን እንፋሎት ወደ ውሃ ለውጦ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያፈሰዋል። ቱቦው ግድግዳ አልፎ ውጭ የሚወጣ ከሆነ በውርጭ ይደፈናል። ለብ ያለ ውሃ ደጋግማችሁ ቱቦው ላይ አፍሱ፣ ከዚያ ሪሴት አድርጉ። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ቱቦው ይሰነጠቃል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ መሰላል ላይ አትውጡ፣ ባለሙያ ይምጣ። በየክረምቱ የሚደጋገም ከሆነ ቱቦው ወፈር ባለ ይተካ፣ ወይም መከላከያ ልባስ ይደረግለት።

ምልክት፦ የውሃው ግፊት እየወረደ ያስቸግራል

በኮምቢ ቦይለር (ያለ ውሃ ማጠራቀሚያ ታንክ ቤቱንም የቧንቧ ውሃውንም በሚያሞቀው) ፊት ላይ ትንሽ ክብ መለኪያ አለ። በአዳዲሶቹ ላይ በቁጥር ይታያል። ሲስተሙ፣ ማለትም ቦይለሩ፣ ቱቦዎቹና ክፍሎቹን የሚያሞቁት ራዲያተሮች፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ቀስቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር (የግፊት መለኪያ) መሃል መቆም አለበት። ዜሮ አጠገብ ካረፈ ቦይለሩ ራሱን ለመጠበቅ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ከሥሩ ባለችው የብረት ሽቦ በለበሰች ቱቦ ነው። ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ 1.2 ወይም 1.3 ሲደርስ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ።

አንዴ ሞልታችሁ ወራት ከቆየ ሰላም ነው። በየሳምንቱ የምትሞሉ ከሆነ ግን ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። ምክንያቱን ለመለየት ቀስቱን እዩ። ሲስተሙ ቀዝቃዛ ሳለ መለኪያውን ፎቶ አንሱ። ማሞቂያውን አብሩና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ አንሱ። ጤነኛ ሲስተም ሲሞቅ ትንሽ ነው ከፍ የሚለው። ቀስቱ 3 ባር አካባቢ ከደረሰ፣ ውጭ ግድግዳ ላይ ካለችው የመዳብ ቱቦ ውሃ ከተንጠባጠበ፣ ሲበርድ ደግሞ ወደ ዜሮ ከወደቀ፣ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፓንሽን ቬሰል የሚባለው ክፍል ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሰፋውን የሚቀበለው ቬሰሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። አየሩ ካለቀ ውሃው መሄጃ ያጣል፤ በ3 ባር የሚከፈተው የደህንነት ቫልቭ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። መፍትሄው ቬሰሉን አየር መሙላት ወይም መቀየር ነው። አንዴ የተከፈተ ቫልቭም ጥሩ አድርጎ ላይዘጋ ስለሚችል አብሮ ይታይ።

ሲስተሙ ሲሞቅ ቀስቱ ብዙ ሳይወጣ ቀስ በቀስ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ራዲያተር ቫልቮቹ ሥር ዝገት ወይም አረንጓዴ ቅሪት፣ ወለሉ ላይ እርጥበት ፈልጉ።

ይህን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። የመድን ቴክኒሺያን ውሃ ሞልቶ "አሁን ይሠራል" ብሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። እሱ ቆሞ ሳለ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ይቆማል። እንደገና ስትደውሉ ሌላ ሰው ይመጣል፣ እሱም ውሃ ይሞላል። ሁለቱን ፎቶዎች አሳዩትና "ግፊቱ የሚወርድበትን ምክንያት የሥራ ወረቀቱ ላይ ጻፍልኝ" በሉት። ያቺ አንዲት መስመር ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

ምልክት፦ ሙቅ ውሃ አለ፣ ራዲያተሩ ግን አይሞቅም፤ ወይም ተቃራኒው

ሙቁን ውሃ ወደ ቧንቧ ወይም ወደ ራዲያተር የሚመራው ዳይቨርተር ቫልቭ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። የባለሙያ ሥራ ነው።

ራዲያተሩ ከላይ ብቻ ከቀዘቀዘ አየር ይዟል፤ በቁልፉ አስተንፍሱትና ግፊቱን መልሳችሁ እዩ። ከታች ከቀዘቀዘ ደግሞ ዝቃጭ ተኝቶበታል። ይህችን ልዩነት ያዙ፤ የመድን ውሎች ብዙ ጊዜ ዝቃጭን አይሸፍኑም።

አሁን ወደ መድን ሰጪው

ቀጠሮ ተሰጥቶ ሰው ካልመጣ፣ የተባለውን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የጉዳዩን ቁጥር ጻፉ። በዚያው ቀን በኢሜይል መልሳችሁ ላኩላቸው። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ታማሚ ካለ በግልጽ ተናገሩ። የራሳችሁን ባለሙያ ለመጥራት ከተገደዳችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ ያለዚያ ወጪውን አንመልስም ሊሏችሁ ይችላሉ።

"ውሉ አይሸፍንም" ከተባላችሁ አንቀጹን ጠቅሰው በጽሑፍ እንዲልኩ ጠይቁ። የተለመዱት ምክንያቶች ዝቃጭ፣ ከውሉ በፊት የነበረ ብልሽትና ዓመታዊ ሰርቪስ አለመደረጉ ናቸው። ሽፋንን የሚያስቀር አንቀጽ የሚጠቅስ መድን ሰጪ፣ አንቀጹ በእናንተ ጉዳይ ላይ እንደሚሠራ ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ሰርቪስ አልተደረገም ብለው የዘጉባችሁ ከሆነ፣ ሰርቪሱ ቢደረግ ኖሮ ይህ ብልሽት እንዴት ይቀር እንደነበር እነሱ ያስረዱ። በነፃነት የሚሠራ የጋዝ ሴፍ ባለሙያ በጽሑፍ የሰጠው ሪፖርት እዚህ ላይ ከብዙ ስልክ ይበልጣል።

ከዚያ "አቤቱታ" የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። "በጣም አዝኛለሁ" ማለት አይበቃም። እንዲህ ጻፉ፦ "ይህ መደበኛ አቤቱታ ነው። ቦይለሩ በዚህ ቀን ቆመ። በእነዚህ ቀናት ባለሙያዎች መጥተው ውሃ ሞልተው ሄደዋል፤ ምክንያቱ አልተጠገነም። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። ጥገናው እንዲጠናቀቅ፣ የማሞቂያ ወጪዬ እንዲመለስና ለደረሰብኝ እንግልት ካሳ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።" የምትፈልጉትን ካልጻፋችሁ እነሱ በራሳቸው ልክ ይመትሩላችኋል። "ስልኩ ላይ እንዲህ አላልንም" ካሉ የተቀዳውን ድምፅ ጠይቁ፤ በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል።

መድን ሰጪው የመጨረሻ ምላሹን ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ጊዜው ካለፈ፣ ወይም ምላሹ ካላረካችሁ፣ በደንበኞችና በገንዘብና መድን ድርጅቶች መካከል ያለን ክርክር የሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ ዘንድ ሂዱ። ለእናንተ ነፃ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም። የመጨረሻው ምላሽ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ያላችሁ 6 ወር ነው፤ ቀኑን አታሳልፉ። የኦምቡድስማኑን የመጨረሻ ውሳኔ ከተቀበላችሁ ድርጅቱ ይገደድበታል። ካልተቀበላችሁ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ የቦይለር ፕላን መድን አይደለም፣ የጥገና አገልግሎት ውል ነው። ወረቀቱ ላይ መድን ሰጪ ተብሎ የተጠቀሰ ድርጅት መኖሩን አረጋግጡ። አገልግሎት ብቻ ከሆነ ኦምቡድስማኑ ላያየው ይችላል። ያኔ የምትይዙት የ2015ቱን የሸማቾች መብት ሕግ ነው፤ ሥራው በተገቢው ጥንቃቄና ችሎታ እንዲሠራ ያዝዛል። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የምክር ድርጅት በነፃ ያማክራችኋል።

እንግሊዝ ውስጥ ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ከመድን ድርጅቱ ጋር የሚጨቃጨቀው አከራያችሁ ነው። በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 መሠረት ማሞቂያውንና ሙቅ ውሃውን የሚጠግነው እሱ ነው። በጽሑፍ አሳውቁት፣ ፎቶዎቹንም ላኩለት። ዝም ካለ ለአካባቢው ካውንስል ማመልከት ትችላላችሁ።